ሁለት ደቂቃ ወደ ኋላ

ደረቴ ላይ ያለች ይቺ ትንሽ ሰዓት፣
ጅማ መርካቶ ነው ነፍስ የተዘራባት።
ሻፊ አባ ዝናብ ካሮጌው ደርብ ሥር፣
ባንድ ዓይኑ መነጽር ጥርሷን ሲቆጥር፣
«ሲስተር» አለኝ ያኔ፣ «ሠርታለች፣ ውሰጃት፣
በቀን ሁለት ደቂቃ አለ የሚቀራት፤
ሆን ብዬ ነው የተውኩት፣ ምን አስቸኮላት?»
ሒሳብ ስለው ሳቀ፤
«የታማሚ ዳሳሽ እኔ ጋ አይከፍልም»፣
ብሎ ጠርጎ ሰጠኝ፣ ሳንቲም አልወሰደም።

ዛሬ ሌሊት መጣ።
ነጂማ ከኋላ ጫማውን ይዛለት፣
ልጁ እያለቀሰ በባጃጅ ጭኖት፣
ከሕርማታ ድረስ በዝናብ፣ በጭቃ፣
ላቡ ፊቱን አጥቦት፣ ነፍሱ ተጨንቃ።
እጁን ብዳስሰው የአዌቱ ጠጠር፣
ጥፍሩን ብጫነው ነጭ ሆኖ የሚቀር፤
ግፊቱ ሰባ ነው፣ የታችኛው አርባ፣
ልቡ ይሮጣል እንጂ ከቤት አይገባ።

«ግሉኮስ አድርጊለት!» አለችኝ ነጂማ፣
«ውኃ ጠፍቶ እንደሆን፣ እባክሽ ስሚማ!»
እንዴት ልንገራት?
ሳንባው ውኃ ጠግቧል እንደ ክረምት ማሳ፣
ጎርፍ ላይ ጎርፍ ባክል ሰውዬው አይነሳ።
ትራሱን አቀናሁ፣ ቀና አደረግኩት፣
ኦክስጅኑን ከፍቼ አፍንጫው ላይ ሰካሁት።

ሐኪሙ ዶፓሚን ጻፈ። የእኛ መድኃኒት ቤት ጨርሷል።
ልጁ ሮጠ፤ በሩ ላይ ካሉት ሱቆች አንዱን ቀሰቀሰ፣
በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በብብቱ ይዞ፣ ርሶ ተመለሰ።

ጠብታ የሚቆጥር ማሽን አንድ አለን፣ እሱም አልጋ ሦስት ላይ፣
ከዴዶ ከመጣችው፣ ጉሮሮዋን ታማ ልቧ ከተበላባት ልጅ ላይ።
በየወሩ መርፌ ስንቀጥራት መንገዱ እየራቃት፣
ዛሬ እዚህ ደረሰች። ከሷማ አልነቅልም፣ እንቅልፍ ገና ወሰዳት።

እንግዲህ ዓይኔና ሰዓቴ።
በደቂቃ አሥራ አራት።
ጎማዋን ጠበቅ፣ ላላ፣ ደግሞ ጠበቅ፣
አንዷ ትወርዳለች፣ አንዷ ጫፍ ላይ ሆና ታስባለች፣
ሃያ ከሞላች ልቡን ታስደነብራለች፣
አሥር ከሆነች እሱን ይዛ ትወድቃለች።
ክንዱን ደግሞ አያለሁ፣ መርፌው የገባበትን፤
ይኼ መድኃኒት ከሥር ካመለጠ ሥጋ ያቃጥላል።

መብራት ሄደ።
ሞኒተሩ ጠቆረ። ነጂማ «ያ ረቢ!» አለች።
ጄኔሬተሩ እስኪያስል፣ እስኪነሳ ድረስ፣
አንድ እጄ አንገቱ ላይ፣
በልጁ ስልክ ብርሃን ያቺን ሰዓት አየሁ፤
እሱ የዘራባትን ነፍስ
ለራሱ መልሼ፣ በጠብታ፣ በጠብታ ቆጠርኩለት።

ሰው ወርቅ ይጠብቃል፣ እኔ ሽንት እጠብቃለሁ።
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት፣ አምስት ሚሊ።
ዘጠኝ ሰዓት፣ ስምንት።
አሥር ሰዓት ከረጢቱን በባትሪ አየሁት፣
ነጂማም አየችኝ፣ ምንም አላልኳትም።
አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከመስጊዱ አዛን ሲሰማ፣
ሠላሳ አምስት! ብጫ፣ ሞቅ ያለ፣
«አልሐምዱሊላህ በይ፣ ሸንቷል!» አልኳት፣
ሁለት ትልልቅ ሴቶች በሽንት ተቃቀፍን።

ሲነጋጋ ባንድ ዓይኑ ወደ ደረቴ አየ፣
ያኔ በመነጽሩ እንደሚያየው።
«አሁንም... ትዘገያለች?»
«ሁለት ደቂቃ» አልኩት።
ከንፈሩ ተነቃነቀ። ፈገግታ ይሁን፣ ምን እንጃ።

ተረኛዋ መጣች። አስረከብኳት፤
ግፊት ዘጠና፣ ጠብታ አሥራ አራት፣
ክንዱን እዪ፣ እግሩ ሞቅ ብሏል፣ ውኃ አትስጪ።
ነገን አልጻፍኩም፤
ልብ እንደ ሰዓት ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ አይሰጣ።

የግድግዳው ሰዓት አንድ ሞላ።
የኔዋ ገና ናት።
በርጩማ ስቤ ከአልጋው ጎን ተቀመጥኩ።